የጌም ኢንጂን ኩባንያ ሠራተኛ በቀነሰ ማግስት፦ ለዴቨሎፐሮች የተግባር መመሪያ

የምትሠሩበትን ኢንጂን (ጌም የሚገነባበትን ዋና ሶፍትዌር) የሚያመርተው ኩባንያ ሠራተኛ መቀነሱን ባስታወቀ በሰዓታት ውስጥ የዴቨሎፐሮች መንደር ይታመሳል። አንዱ «አበቃለት» ይላል፣ ሌላው በዚያው ምሽት ጎዶት የተባለውን ነፃ ኢንጂን ያወርዳል፣ ሦስተኛው የሁለት ዓመት ፕሮጀክቱን አፍርሶ እንደ አዲስ ሊጀምር ይነሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ቅነሳው በራሱ ጌማችሁን አይገድለውም። የሚጎዳችሁ የተቀነሰው ክፍል ጌማችሁ የተደገፈበት ከሆነ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማን እንደወጣ እወቁ፣ ቀጥሎ በእጃችሁ ያለውን ቆልፉ፣ ከዚያ ለኩ፤ ኢንጂኑን መልቀቅ ካስፈለገ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቁጥሩ በፊት ክፍሉን ፈልጉ

በመቶኛ የሚነገር ቁጥር ያታልላል። ዩኒቲ የተባለው ኢንጂን ሠሪ በጃንዋሪ 2024 ወደ 1,800 ሰው፣ ማለትም የሠራተኛውን ሩብ እንደሚያሰናብት ሲያስታውቅ ማንም «እኔን አይነካኝም» ሊል አይችልም ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የተሰናበቱት 265 ሰዎች ግን ከዌታ ዲጂታል ጋር በተያያዘው የፊልም ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ የሞባይል ጌም ለሚሠራ ሰው በዚያን ቀን የተለወጠ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የአንሪል ኢንጂን ሠሪ ኤፒክ ጌምስ በሴፕቴምበር 2023 ወደ 830 ሰው፣ 16 በመቶ ሲቀንስ ሥራ አስፈጻሚው ቲም ስዊኒ ከተቀነሱት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከዋናው የልማት ሥራ ውጭ መሆናቸውን ጽፈው ነበር። የክራይኢንጂን ሠሪ ክራይቴክ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2025 ከ400 ገደማ ሠራተኞቹ 15 በመቶውን፣ 60 ያህል ሰው ቀነሰ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በትንሽ ኩባንያ ውስጥ አንድን የኢንጂን ክፍል አብጠርጥረው የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሚሆኑ፣ 60 ሰው ከ800 የሚከብድበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና ጌማችሁ የሚጠቀምባቸውን የኢንጂኑን ክፍሎች አንድ በአንድ ጻፉ፦ የምስል ማሳያው፣ ፊዚክሱ፣ የአኒሜሽን ሥርዓቱ፣ ሜኑ የሚሠራበት መሣሪያ፣ የኔትወርክ ፓኬጁ (ፓኬጅ ማለት በኢንጂኑ ላይ የሚጨመር ክፍል ነው)፣ ማስታወቂያው፣ የመግቢያ አካውንቱ፣ የክላውድ ማስቀመጫው። በእያንዳንዱ ፊት ሦስት ነገር አስፍሩ፤ መጨረሻ የታደሰበት ቀን፣ ጥገና ቢቋረጥ ራሳችሁ ልትጠግኑት የምትችሉ መሆን አለመሆናችሁ (ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ በእጃችሁ አለ ወይ?)፣ በሌላ ለመተካት የሚፈጀው የሥራ ቀን። ሶርስ ኮዱ የሌላችሁ፣ ለስድስት ወር ያልታደሰና ለመተካት ከአሥር ቀን በላይ የሚወስድ ክፍል ካለ ትኩረታችሁ እዚያ ይሁን። ሌላው ሊቆይ ይችላል።

ጩኸቱን እንዴት ታነባላችሁ?

የማኅበረሰቡ ምላሽ ሁሉ እኩል አይመዘንም። ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው የተሰናበቱት ሠራተኞች ራሳቸው የሚጽፉት የስንብት ቃል ነው፤ የኩባንያው መግለጫ «የአሠራር ማስተካከያ» ብሎ የሸፈነውን እነሱ በቡድን ስም ይነግሯችኋል። በፌብሩዋሪ 2025 የዩኒቲ ቅነሳ ላይ ቢሄቪየር የተባለውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ባሕርይ መሥሪያ ፓኬጅ የሚሠራው ቡድን መነካቱን ተጠቃሚዎች የሰሙት ከቡድኑ አባላት ነው። ያንን ፓኬጅ በጌማቸው ውስጥ የተከሉ ሰዎች በዚያው ቀን ሥራ ነበረባቸው፤ ያልተከሉት አልነበረባቸውም።

ቀጥሎ የሚጠቅመው ከእናንተ ጋር ተመሳሳይ መድረክ ላይ ያሉ ሰዎች የሚያነሱት የተለየ ጥያቄ ነው። «የኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያሉ የጌም ማጫወቻዎች) ድጋፉን ማን ይይዛል?» የሚል ጥያቄ «ይህ ኢንጂን ሞቷል» ከሚሉ መቶ ጽሑፎች ይበልጣል። የአክሲዮን ዋጋ ወሬ ለጌም ሠሪ ብዙም አይነግረውም፤ እንዲያውም ቅነሳ በተነገረ ቀን ዋጋው የሚጨምርበት ጊዜ አለ።

ቁጣ ግን ሁልጊዜ ባዶ ጩኸት አይደለም። በ2022 ዩኒቲ ሠራተኛ በቀነሰ ሰሞን ጊጋያ የተባለውን የራሱን ናሙና ጌም ሲሰርዝ ዴቨሎፐሮች የተቆጡት በቂ ምክንያት ስለነበራቸው ነው፦ ኢንጂን ሠሪው ራሱ በኢንጂኑ ጌም ሠርቶ እስከ መጨረሻው ካልተጓዘ፣ ተጠቃሚው በየቀኑ የሚጋጨውን እንቅፋት አያየውም። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ጌሙ በተጫነ ቁጥር የሚከፈል የ«ራንታይም» ክፍያ ሲታወጅ ተቃውሞው ኩባንያውን በአሥር ቀን ውስጥ ዕቅዱን እንዲያሻሽል አስገድዶታል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ ክፍያው ለጌሞች ጨርሶ ተሰረዘ። ያ ተቃውሞ የሠራው የሂሳብ ጥያቄ ይዞ ስለመጣ ነው፤ በድጋሚ መጫን ይቆጠራል ወይ? የተሰረቀ ቅጂስ? በነፃ የተሰጠስ?

በመጀመሪያው ቀን የሚቆለፍ

ይህ ሥራ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ፋይል ሲወርድ በመጠበቅ ነው።

ትክክለኛውን ቨርዥን መዝግቡ። በዩኒቲ «ፕሮጀክት ሴቲንግስ» ፎልደር ውስጥ የቨርዥኑን ቁጥር እስከ መጨረሻው ዲጂት የያዘ የጽሑፍ ፋይል አለ። በአንሪል በፕሮጀክቱ ዋና ፋይል ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ እዚያ ግን የሚጻፈው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ ሦስተኛውን ከኢንጂኑ ላይ አይታችሁ ጨምሩ። ከዚያ የዚያን ቨርዥን መጫኛ ከነሞጁሎቹ (አንድሮይድ፣ አይኦኤስ፣ ዌብ፣ የምትጠቀሙት ሁሉ) አውርዳችሁ በውጭ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። የዩኒቲ ኤዲተር ከሁለት ሦስት ሞጁል ጋር ከ10 እስከ 20 ጊጋባይት ይይዛል፤ አንሪል ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የአንድሮይድ ኤስዲኬ፣ ኤንዲኬና ጄዲኬ (ለአንድሮይድ ለመገንባት የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች) ቨርዥኖችንም አብራችሁ ያዙ። ከዓመት በኋላ አሮጌ ፕሮጀክት አልገነባም ሲል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኢንጂኑ ሳይሆን የእነዚህ ነው።

በዩኒቲ ወደ ቨርዥን መቆጣጠሪያ (እንደ ጊት ያለ የለውጦች መዝገብ) መግባት ያለባቸው ፎልደሮች ሦስት ናቸው፦ «አሴትስ»፣ «ፓኬጅስ» እና «ፕሮጀክት ሴቲንግስ»። «ላይብረሪ» እና «ቴምፕ» አይገቡም፤ ኢንጂኑ ራሱ መልሶ ይሠራቸዋል። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚበላሸው የሜታ ፋይሎች ጉዳይ ነው። ከእያንዳንዱ ምስልና ድምፅ ጎን ያለችው ትንሽ የሜታ ፋይል የዚያን ነገር መለያ ቁጥር ትይዛለች። እሷን ሳይጨምር ባክአፕ ያደረገ ሰው ፕሮጀክቱን ሲከፍት ፋይሎቹ ሁሉ አሉ፣ ትዕይንቶቹ ግን ማንን እንደሚጠሩ አያውቁም፤ ሁሉም ነገር ሮዝ ሆኖ ወይም ጠፍቶ ይገኛል። ትዕይንቶች በጽሑፍ መልክ እንዲቀመጡም በኤዲተሩ ሴቲንግ ውስጥ አዙሩት፤ አለዚያ ሁለት ቨርዥኖችን ማነጻጸር አትችሉም።

ፓኬጆች ሌላ ጣጣ አላቸው። የፓኬጅ ዝርዝሩ ፋይል በእጃችሁ ቢኖርም ፓኬጁ ራሱ የሚወርደው ከኩባንያው ሰርቨር ነው። የሚያሰጋችሁን ፓኬጅ በ«ላይብረሪ» ሥር ካለው የፓኬጅ መሸጎጫ ወደ «ፓኬጅስ» ፎልደር ገልብጡት፤ ከዚያ በኋላ የፕሮጀክቱ አካል ይሆናል፣ ኮዱንም ማረም ትችላላችሁ። ጉዳቱ ማሻሻያ ሲወጣ በራሱ አለመታደሱ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አትገልብጡ፤ በወረቀታችሁ ላይ ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ብቻ። ከአሴት ስቶር (የዩኒቲ የጌም ግብዓት ገበያ) የገዛችኋቸውንም አሁኑኑ አውርዱ፤ ሻጩ ከገበያ ካወጣው በኋላ ለማግኘት መከራ ነው።

የአንድሮይድ ፊርማ ቁልፍ ፋይልና የይለፍ ቃሉ ከፕሮጀክቱ ተለይተው በሁለት ቦታ ይቀመጡ። ጎግል ፕሌይ ላይ ፊርማውን ጎግል እንዲይዝላችሁ ካደረጋችሁ የጠፋ የመጫኛ ቁልፍ በጥያቄ ይተካል። ካላደረጋችሁ ግን ቁልፉ ጠፋ ማለት ያንን ጌም ዳግም ማደስ አይቻልም ማለት ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ፈልጉና ከባክአፑ ብቻ ጌሙን ገንቡ። ያልተሞከረ ባክአፕ እንደ ባክአፕ አይቆጠርም። በዚህ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጉድ ትልልቅ ፋይሎች በቦታቸው አለመኖራቸው ነው፦ ለትልልቅ ፋይሎች የተለየ ማከማቻ የሚጠቀም ፕሮጀክት ያለዚያ መሣሪያ ሲወርድ፣ በ80 ሜጋባይት ምስል ፈንታ የሦስት መስመር ጽሑፍ ይዞ ይመጣል።

የተቆለፈ ቨርዥን እስከ ምን ያኖራል?

ለኮምፒውተር የሚሸጥ ጌም በቆየ ኢንጂን ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ሞባይል ግን አይፈቅድላችሁም። ጎግል ፕሌይ ከኦገስት 31 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ ጌምም ሆነ ማሻሻያ አንድሮይድ 15ን፣ ማለትም ኤፒአይ 35ን ዒላማ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የ16 ኪሎባይት የሜሞሪ ገጽ (ስልኩ ሜሞሪን የሚከፋፍልበት መጠን) መደገፍ ግዴታ ሆኗል። የመጀመሪያውን በሴቲንግ ልታልፉት ትችሉ ይሆናል። ሁለተኛውን አትችሉም፤ ምክንያቱም መስተካከል ያለበት በኢንጂኑ ውስጥ ያለው የተጠናቀረ ኮድ ስለሆነ፣ ኢንጂን ሠሪው በአዲስ ቨርዥን ካላወጣው እናንተ የምታደርጉት ነገር የለም። በተዘጋ ኢንጂን የሞባይል ጌም የሚሠራ ሰው የቅነሳ ወሬን ከሌሎች አስበልጦ መከታተል ያለበት ለዚህ ነው።

ደኅንነትም አለ። ዩኒቲ በኦክቶበር 2025 ከ2017.1 ጀምሮ ባሉ ቨርዥኖች የተሠሩ ጌሞችን የሚነካ ክፍተት ይፋ ሲያደርግ የተስተካከሉ ቨርዥኖችን አወጣ፤ ጌሙን እንደገና መገንባት ለማይችሉትም በተገነባው ፋይል ላይ የሚለጠፍ ማስተካከያ ሰጠ። እንግዲህ ስትቆልፉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ቆልፉ፤ የመጨረሻው ቁጥር ብቻ የሚለወጥበትን የጥገና ማሻሻያ ግን በተለየ ብራንች (የፕሮጀክቱ ተጓዳኝ ቅጂ) እየሞከራችሁ ተቀበሉ።

ክላውዱ ቀድሞ ይሰበራል

በኮምፒውተራችሁ ላይ ያለ ኤዲተር ኩባንያው ቢዳከምም ነገ ይከፈታል። በኩባንያው ሰርቨር ላይ ያለ አገልግሎት ግን በአንድ ማስታወቂያ ይዘጋል። ጌምስፓርክስ የተባለው የጌም ሰርቨር አገልግሎት አማዞን ገዝቶት እንኳ በ2022 ተዘግቷል። ዩኒቲ ዩኔት የተባለውን የኔትወርክ ሥርዓቱን እንደሚያቆም በ2018 ሲያስታውቅ ተጠቃሚዎቹን ያተረፋቸው ሚረር የተባለው፣ ከዚያው ኮድ ተነስቶ በማኅበረሰቡ የተገነባው ፕሮጀክት ነው፤ ይህ የሆነው የዩኔት የላይኛው ክፍል ሶርስ ኮድ ክፍት ስለነበረ ነው።

መፍትሔው ቀላል፣ ሥራው አሰልቺ ነው። በጌሙ ኮድ ውስጥ የመግቢያ፣ የደረጃ ሰንጠረዥ፣ የክላውድ ማስቀመጫና የማስታወቂያ ጥሪዎች በየቦታው ተበትነው ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ መካከለኛ ክላስ (ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል) አብጁና የቀረው ኮድ ያንን ብቻ እንዲጠራ አድርጉ። ለመካከለኛ መጠን ጌም ከሁለት እስከ አራት ቀን ይፈጃል። አገልግሎቱ ሲዘጋ የምትቀይሩት አንድ ፋይል ይሆናል። የተጫዋቾችን ዳታ ደግሞ በየሳምንቱ ወደ ራሳችሁ ማከማቻ አውጡ፤ የመዝጊያ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወርድ ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል።

ውሉን ዛሬ አስቀምጡ

ከቅነሳ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የዋጋ ለውጥ ነው፤ ወጪ የቀነሰ ኩባንያ ገቢም ይፈልጋል። ስለዚህ አሁን የሚሠራውን የአገልግሎት ውል ከነቀኑ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ዩኒቲ በ2019 ዴቨሎፐሮች ለሚጠቀሙበት ቨርዥን የወጣውን ውል ይዘው መቆየት እንደሚችሉ ቃል ገብቶ፣ የውሎቹን ለውጥ የሚያሳይ ይፋ ማከማቻም ከፍቶ ነበር። በ2023 የክፍያው ውዝግብ ሲነሳ ሰዎች ማከማቻው መጥፋቱን አስተዋሉ። የድሮውን ውል ያስቀመጠ ሰው በዚያን ቀን የሚያሳየው ነገር ነበረው።

ሂሳቡንም ከስሜት ለዩት። አንሪል ለአንድ ጌም ከመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካለው ገቢ 5 በመቶ ይወስዳል። ጌሙ 1.4 ሚሊዮን ካስገባ ክፍያው ከ400,000ው ላይ 20,000 ዶላር ነው፤ ከ2025 ጀምሮ ጌሙን በኤፒክ ስቶር ከሌሎች ጋር እኩል ቀን ለሚያወጣ ወደ 3.5 በመቶ፣ ማለትም 14,000 ዶላር ይወርዳል። ዩኒቲ በዓመት እስከ 200,000 ዶላር ለሚያስገባ ነፃ ነው፤ ለፕሮ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የወጣው ዋጋ በዓመት በአንድ ሰው 2,200 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ አምስት ሰው ያለው ቡድን 11,000 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ይህንን ከአምስት ሰው የስድስት ወር ደመወዝ ጋር አስተያዩት፤ መሸጋገር የሚያስወጣው እሱ ነውና።

መሸጋገር ካለባችሁ

ገበያ ሊወጣ ከስድስት ወር በታች የቀረው ጌም አይሸጋገርም። ይህን ሳናመነታ እንናገራለን። ግማሽ መንገድ ላይ ያለም ቢሆን ከላይ በወረቀቱ ላይ የተገኘው ችግር ጌሙን የሚያቆም ካልሆነ ባለበት ኢንጂን ይጠናቀቅ። ለሚቀጥለው ጌም ግን በእርጋታ መሞከር ተገቢ ነው፤ ስሌይ ዘ ስፓየርን የሠራው ሜጋ ክሪት ለተከታዩ ጌም ጎዶትን መምረጡ ይታወቃል።

ለሙከራው ሁለት ሳምንትና አንድ ሰው መድቡ። ከጌማችሁ ቀላሉን ሳይሆን ከባዱን ክፍል ውሰዱ፤ ብዙ ጠላት ያለበትን ትዕይንት፣ የተወሳሰበውን ሜኑ፣ ወይም የኔትወርክ ግጥሚያውን። ሞዴሎች፣ ምስሎችና ድምፆች በአብዛኛው ይሻገራሉ። ትዕይንቶች፣ የቀለምና የብርሃን ኮዶች (ሼደሮች) እና የአኒሜሽን ሽግግሮች አይሻገሩም፤ እንደ አዲስ ይሠራሉ። የገዛችሁት ነገር ሁሉ ለሌላ ኢንጂን የተፈቀደ ስላልሆነም ፈቃዱን ቀድማችሁ አንብቡ፤ በኤፒክ ፋብ ገበያ ላይ ለአንሪል ብቻ ተብሎ የተለየ ይዘት አለ።

የሚያደናግሩት ትንንሾቹ ልዩነቶች ናቸው። በዩኒቲ አንድ አሃድ አንድ ሜትር ነው፣ በአንሪል አንድ ሴንቲሜትር፤ 1.8 ሜትር የሆነ ሰው በአንሪል 180 አሃድ መሆን ሲገባው የጉንዳን ያህል ሆኖ ይገባል። በዩኒቲና በጎዶት ወደ ላይ የሚያመለክተው ዋይ ነው፣ በአንሪል ዜድ ነው። ጎዶት ደግሞ የቀኝ እጅ ሥርዓት ስለሚጠቀም «ወደ ፊት» የዜድ አሉታዊ አቅጣጫ ይሆናል፤ ገጸ ባሕርያችሁ ወደ ኋላ እየሮጠ ካገኛችሁት ምክንያቱ ይኸው ነው። የዩኒቲ ፊዚክስ ካልተነካ በሰከንድ 50 ጊዜ ይሰላል፣ የጎዶት 60 ጊዜ። ፍጥነትን ከጊዜ ጋር ሳያባዛ በየስሌቱ የሚደምር ኮድ ሳይለወጥ ቢሻገር ሁሉም ነገር 20 በመቶ ይፈጥናል፤ ተጫዋች «ዝላዩ ተበላሽቷል» ይላል እንጂ ምክንያቱን አይነግራችሁም።

ኮንሶል የምታስቡ ከሆነ ሌላም አለ። ጎዶት በኤምአይቲ ፈቃድ የተለቀቀ ክፍት ሶርስ ስለሆነ፣ በምስጢር ውል የተያዘውን የኮንሶል ኮድ በውስጡ ማካተት አይችልም፤ ይህንን ሥራ ለሚሠሩ ሦስተኛ ወገኖች መክፈል ወይም ራሳችሁ መሥራት ይኖርባችኋል። ክፍት ሶርስ ከሠራተኛ ቅነሳ ይሰውራል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ ጥቂት ቋሚ ሠራተኛ የሚያኖረው መዋጮ ነው። ልዩነቱ ሰዎቹ ቢበተኑ ኮዱ አይሄድም። ዴፎልድ የተባለው ኢንጂን በ2020 ከጌም ኩባንያው ኪንግ ወደ ፋውንዴሽን የተላለፈበት፣ የአማዞን ኢንጂን ለምበርያርድም በ2021 ኦ3ዲኢ ሆኖ በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር የተከፈተበት መንገድ ይህንኑ ያሳያል። ቴራሪያ የተባለውን ጌም የሠራው ሪ-ሎጂክ በ2023 ለጎዶትና ኤፍኤንኤ ለተባለው ክፍት ሶርስ የጌም መሥሪያ ለእያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ሲሰጥ፣ በየወሩ 1,000 ዶላር ጨምሮ ነበር፤ ለጥገና ሥራ ትልቅ ዋጋ ያለው ያ በየወሩ የሚመጣው ነው።

ስትናገሩ

ቁጣችሁን በድጋፍ መስመር ላይ ባለው ሠራተኛ ላይ አትወጡት፤ ትናንት ጓደኞቹ ተሰናብተዋል፣ ውሳኔውም የእሱ አይደለም። የሚሠራ አቤቱታ አጭር ነው፦ የምንጠቀምበት ቨርዥንና ፓኬጅ ይህ ነው፣ ጌሙ በዚህ ወር ይወጣል፣ የዚህን ፓኬጅ ጥገና ማን ይቀጥላል? በዚያ ላይ ያልተፈታ ባግ (የፕሮግራም ስሕተት) ካላችሁ ከ50 ሜጋባይት ያነሰ፣ ችግሩን ብቻ የሚያሳይ ባዶ ፕሮጀክት አያይዙ። ሰው ያነሰው ቡድን የ30 ጊጋባይት ጌማችሁን ከፍቶ ስሕተት የሚፈልግበት ጊዜ የለውም፤ ወረፋው ሲረዝም ቀድሞ የሚፈታው ለመድገም የሚቀለው ነው።

ከተሰናበቱት ጋር ስታወሩ የውስጥ ምስጢር አትጠይቁ። የስንብት ክፍያቸው ብዙ ጊዜ በዝምታ ውል የታሰረ ነው። ባግ ያስተካከለላችሁን ወይም ጥያቄያችሁን የመለሰላችሁን ሰው ግን የሠራውን ሥራ ጠቅሳችሁ በይፋ መስክሩለት፤ ለቀጣሪ «ጎበዝ ነበር» ከሚል ይልቅ «ይህንን የሜሞሪ ፍሳሽ በሁለት ቀን አገኘልን» የሚል ይጠቅማል።

ለሦስት ወር ምን ትከታተላላችሁ?

የቅነሳ ውጤት በመጀመሪያው ሳምንት አይታይም፤ ተሠርቶ ያለቀ ማሻሻያ ስላለ የሚቀጥሉት ሁለት ሪሊዞች እንደ ወትሮው ይወጣሉ። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት መድባችሁ ወረቀቱን አውጡ፦ ምልክት ያደረጋችሁባቸው ፓኬጆች ታድሰዋል? ያስገባችሁት ባግ ሰው ተመድቦለታል ወይስ «ተቀብለናል» ከሚለው አልፎ አልሄደም? ከሮድማፑ (ኩባንያው ሊሠራ ያቀዳቸው ነገሮች ዝርዝር) ላይ በዝምታ የወረደ ነገር አለ? ሮድማፑን ዛሬ ስክሪንሾት ካላነሳችሁ ይህን የመጨረሻውን ማወቅ አትችሉም። በሦስት ወር ውስጥ ከሁለት በላይ ምልክቶች በአንድ ክፍል ላይ ከተደራረቡ የመተኪያውን ሥራ በዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡ። ካልተደራረቡ ሥራችሁን ቀጥሉ። በመጀመሪያው ቀን የቆለፋችሁትን ዲስክ ግን ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ አትሰርዙት፤ ጌሙ በገበያ ላይ እስካለ ድረስ ማሻሻያውን የምትገነቡት ከእሱ ነው።